ላፕቶፔ 40 ፐርሰንት ላይ ድርግም ብሎ ይጠፋል፣ ይሞቃልም፤ ባትሪው ነው ወይስ ሌላ?

የማታ ወፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖታል። ዊንዶውስ ነው፣ ባለ 15 ኢንች። ከሁለት ወር ወዲህ በሁለት ነገር አማሮኛል።

አንደኛው ባትሪው። ቻርጀሩን ከነቀልኩት 40 ወይም 38 ፐርሰንት ላይ ሲደርስ ምንም ሳያስጠነቅቅ ድርግም ብሎ ይጠፋል። መልሼ ሰክቼ ሳበራው አንዳንዴ 37 ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ 5። የትኛውን ልመን?

ሁለተኛው ሙቀቱ። ከኪቦርዱ በላይ በግራ በኩል ያለው ቦታ እጅ አያስቀምጥም። ፋኑ አንዴ ከተነሳ አያርፍም። የኦንላይን ስብሰባ ላይ ስሆን ሰዎቹ «እዚያ ንፋስ አለ እንዴ?» ይሉኛል።

ጌም አልጫወትም። ሥራዬ ጽሑፍና ኤክሴል ነው፤ ብሮውዘሩ ላይ ግን ብዙ ታብ እከፍታለሁ። ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ ነው የሚውለው። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንኩት፤ ለውጥ የለም። ከሥር የሚደረግ ባለ ፋን ማቀዝቀዣ ገዛሁ፤ እሱም ያው። አንድ ወዳጄ «ባትሪው ከተቀየረ ሁለቱም ይድናሉ» አለኝ። እውነት ነው? ባትሪው ነው ላፕቶፑን የሚያሞቀው ወይስ ሙቀቱ ነው ባትሪውን የገደለው?

ታችፓዱም ክሊክ አላደርግ ብሏል። በማውስ ስለምሠራ እሱን ትቼዋለሁ።

ቁልፍ

ባትሪ ቀይር። አለቀ።

ካቻቪቴ

ወንድሜ፣ ምንም ነገር ከመግዛትህ በፊት ለካ። ሁለት ቁጥር ያስፈልገናል።

የመጀመሪያው የባትሪው አቅም ነው። ኮማንድ ፕሮምፕትን ክፈትና በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወር» ብለህ ጻፍ። ሳትለያይ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ቀጥልበት። ከዚያ ስፔስ፣ ከዚያ ስላሽ፣ ከዚያ «ባትሪሪፖርት» አንድ ላይ። ኢንተር ስትለው ፋይሉን የት እንዳስቀመጠው ይነግርሃል፤ በብሮውዘር ይከፈታል። እዚያ «ዲዛይን ካፓሲቲ» የሚለው ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም ነው። «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ደግሞ ዛሬ ሞላሁ ሲል የሚይዘው። «ሳይክል ካውንት» የሚለውንም፣ ማለትም ባትሪው ስንት ጊዜ ሙሉ አቅሙን ያህል ተሞልቶ እንዳለቀ የሚቆጥረውን፣ ላክልን።

ሁለተኛው የፕሮሰሰሩ ሙቀት ነው። ኤችደብልዩ ኢንፎ ወይም ኮር ቴምፕ ነፃ ናቸው። አንዴ ምንም ሳትሠራበት፣ አንዴ ደግሞ እንደ ልማድህ እየሠራህ እየው።

ዘገምተኛ

እስከዚያው አንድ ማስታገሻ። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ግባና «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለውን ከ100 ወደ 99 አውርደው። አንድ ፐርሰንት ብቻ ይመስላል፤ በብዙ ማሽኖች ላይ ግን ቱርቦውን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ለጊዜው ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን፣ ያጠፋዋል፣ ሙቀቱም ወዲያው ሲወርድ ታየዋለህ። ለጽሑፍና ለኤክሴል ልዩነቱ አይታወቅህም። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ምርጫ ተደብቋል፤ ካጣኸው አትድከም።

ደግሞም መድኃኒት አይደለም። ትኩሳት ማውረጃ በለው።

የማታ ወፍ

እህትህ ነኝ :) ግን አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁንም።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ዲዛይን ካፓሲቲ 45,000 ሚሊዋት ሰዓት። ፉል ቻርጅ 21,600። ሳይክል 212።

ሙቀት፦ ምንም ሳልሠራ 68 ዲግሪ። ብሮውዘር ከፍቼ ስብሰባ ስገባ 97። እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱ 1.1 ጊጋኸርዝ ላይ ወርዶ ይቀራል፣ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል።

ካቻቪቴ

ይቅርታ እህቴ፣ ስሙ አሳስቶኝ ነው።

ነገሩ ግልጽ እየሆነ ነው። ባትሪሽ ከነበረው አቅም 48 ፐርሰንቱ ነው የቀረው። ይህን ያህል እንዲያረጅ በሥራ ብዛት ቢሆን ኖሮ ሳይክሉ ብዙ መሆን ነበረበት። የተለመደ የላፕቶፕ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ሳይክል ሠርቶ 80 ፐርሰንት አካባቢ አቅም ይዞ ይገኛል። ለብዙ ማክቡኮች አፕል 1,000 ሳይክል ይላል። ያንቺው ገና 212 ላይ ግማሹን አጥቷል። ስለዚህ አጠቃቀም አልገደለውም። ተሰክቶ መዋል ከሙቀት ጋር ተደርቦ ነው የገደለው።

ለምን? የሊቲየም ሴል ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት አካባቢ ነው። በዚያ ቮልቴጅ ላይ መቆየት ለሴሉ ጭንቀት ነው። ሙቀት ሲጨመርበት በውስጡ ያለው ኬሚስትሪ ይፋጠናል። አንቺ ደግሞ ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ 100 ፐርሰንት አድርገሽ፣ ከ90 ዲግሪ በላይ ከሚደርስ ፕሮሰሰር ጎን አስተኝተሽዋል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ማንም አይነግርሽም።

40 ላይ ድርግም የሚልበትን ደግሞ እንዲህ አስቢው። ጉድጓዱ ውሃ አለው፣ ቧንቧው ግን ጠቧል። ቀስ ብለሽ ስትቀጂ ይወርዳል። ፕሮሰሰሩ በድንገት ብዙ ሲጠይቅ ቧንቧው አይችልም፣ ቮልቴጁ ከሚፈቀደው በታች ይወድቃል፣ መከላከያ ሰርኪዩቱ ቆርጦ ያጠፋዋል። ያረጀ ሴል የውስጥ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ የሚሆነው ይኸው ነው። ፐርሰንቱ ደግሞ በሒሳብ የተገመተ ቁጥር እንጂ እንደ በርሜል የተለካ አይደለም። አንዴ 37፣ አንዴ 5 የሚልሽ ግምቱ ከሴሉ ጋር ስለተለያየ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄሽ፦ ሙቀቱ ይቀድማል። ባትሪ ብቻ ብትቀይሪ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ቁልፍ

ያው ባትሪ መቀየሩ አልቀረም እኮ።

ካቻቪቴ

አልቀረም። ቅደም ተከተሉ ነው ቁም ነገሩ።

ብሎን

ቆይ ቆይ ቆይ። ስለ ታችፓዱ የጻፈችውን ሁላችሁም ዘለላችሁት!

የማታ ወፍ፣ እባክሽ አሁኑኑ ይህን አድርጊ። ላፕቶፑን አጥፊ፣ ቻርጀሩን ንቀዪ፣ ዝጊውና ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። አንዱን ጥግ በጣትሽ ጫን አድርጊ። ይናወጣል? ከዚያ ዝቅ ብለሽ ከጎን እዪው። የታችኛው ሽፋን ሆድ አውጥቷል? ታችፓዱ ከጠርዙ ከፍ ብሏል? ፎቶ ባይኖርም በቃል ንገሪኝ።

የማታ ወፍ

ይናወጣል።

እውነቱን ልንገርህ? ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ ይናወጥ ነበር። የጎማ እግሩ የወለቀ መስሎኝ ወረቀት አራት ላይ አጥፌ ከሥሩ አድርጌበታለሁ። አሁን ገልብጬ ሳየው አራቱም ጎማዎች በቦታቸው አሉ። ታችፓዱም በታች በኩል ከፍ ብሏል፤ ጥፍሬ ጠርዙ ላይ ይያዛል።

ደነገጥኩ። ይፈነዳል እንዴ?

ብሎን

አትደንግጪ፣ ግን አታብሪው፣ ቻርጅም አታድርጊው። ባትሪው አብጧል።

በውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተበላሸ ጋዝ ፈጥሮ ነው፤ ጋዙ መውጫ ስለሌለው ከረጢቱን ይነፋዋል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ባትሪው የሚተኛው ልክ ከታችፓዱ ሥር ስለሆነ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ታችፓዱ ነው። ቁልፉ ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል፣ ክሊክም አይልም። ሰው ታችፓድ ተበላሸ ብሎ ታችፓድ ይቀይራል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ እንደዚያ አድርጌያለሁ፣ በባዶ ከሰርኩ።

የሚያበጥ ሁሉ እሳት አያነሳም። ከተወጋ፣ ከታጠፈ ወይም እያበጠ ቻርጅ ከተደረገ ግን አደጋው እውነት ነው። ስለዚህ አትጫኚው፣ አልጋ ላይ አታስቀምጪው፣ ቦርሳ ውስጥ አትክተቺው። የሚቀጣጠል ነገር የሌለበት ቦታ ላይ ይቀመጥ። ለመክፈት ልምዱ ከሌለሽ ባለሙያ ያውጣው። ራስሽ ካወጣሽው በብረት አትፈልቅቂው፤ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ወይም አሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ይሻላል። ማጣበቂያ ከያዘው በግድ አትጎትቺው። ከወጣ በኋላም ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ አሮጌ ባትሪ ለሚረከብ ይሰጣል።

ዘጠኝ ሕይወት

የእኔም አብጦ ነበር። በመርፌ ቀስ ብዬ ወግቼ አስተነፈስኩት፣ ተኛ፣ እስካሁን ይሠራል።

ካቻቪቴ

ዘጠኝ ሕይወት፣ ስምህን እያየሁ ነው። አንዷ ሄዳለች፣ ስምንት ቀርቶሃል።

ይህን የሚያነብ ሰው፣ በፍጹም እንዳትሞክሩት። በውስጡ ያሉት ሁለቱ ንብርብሮች በጣም በቀጭን ፕላስቲክ ነው የተለያዩት። መርፌው ያንን ከበሳ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ከዚያ በኋላ ማቆሚያ የለውም። የሚወጣው ጋዝም የሚተነፈስ አይደለም። አንተም ብትሆን ያን ባትሪ ዛሬ አውጣው።

ዘጠኝ ሕይወት

እሺ እሺ ተገሠጽኩ።

ተማሪው

ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትስ? አንድ ቪዲዮ ላይ አይቼ ነው።

ብሎን

አይሆንም። ያበጠው በሙቀት ብቻ ስላልሆነ ቅዝቃዜ አይመልሰውም። ከፍሪጅ ሲወጣ ደግሞ እርጥበት ይይዛል። ጨርሰህ እርሳው።

የማታ ወፍ

ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ነገሩ እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ።

ባትሪውን ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ የአክስቴ ልጅ ነው ያወጣልኝ፤ እኔ አጠገቡ ሆኜ እያየሁ። የታችኛውን ሽፋን ብሎኖች ሲፈታ የመጨረሻው ሳይወጣ ሽፋኑ ራሱ ጧ ብሎ ተነሳ። ባትሪው ሦስት ክፍል አለው። ሁለቱ ደህና ናቸው፣ መሃለኛው ትራስ መስሏል። ለካ እሱ ነው ሁሉንም ያናወጠው።

ከዚያ ፋኑን ከፈተው። እኔ አቧራ ሲባል የማውቀው ጠረጴዛ ላይ የሚበተነውን ነው። ይሄ ግን አቧራ አይደለም፣ ጨርቅ ነው። ፋኑና ያ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረው ብረት በሚገናኙበት ቦታ ላይ ግራጫ ነገር ተነጥፏል። በወረንጦ ሲይዘው ሳይበጠስ እንደ ፕላስተር ተላቀቀ። የትንሿን ጣቴን ያህል ይረዝማል። በውስጡ የራሴ ፀጉር አለ።

ያኔ ነው ያ የገዛሁት ማቀዝቀዣ ለምን እንዳልሠራ የገባኝ። አፍንጫው ተደፍኖ በጀርባው እያራገብኩለት ነበር።

በፕሮሰሰሩና በላዩ ባለው ብረት መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስትም ቀየረው። የድሮው ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል።

አሁን ያለ ባትሪ፣ በቻርጀር ብቻ ነው የሚሠራው። ምንም ሳልሠራ 46 ዲግሪ። ስብሰባ ላይ 79። ፋኑ የለም ብዬ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ፤ አለ።

ካቻቪቴ

ከ97 ወደ 79! እጁ ይባረክ።

ሌሎች እቤት ለሚሞክሩት ጥቂት ነገር ልጨምር። የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ ሳትነቅሉ ምንም አትንኩ፤ ከነቀላችሁ በኋላም የማብሪያ ቁልፉን 15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። በቆርቆሮ የሚሸጠውን አየር ስትነፉ ፋኑን በእንጨት ነገር ያዙት፣ እንዲሽከረከር አትፍቀዱለት። ከልኩ በላይ ሲፈጥን የሚሽከረከርበት ቤሪንግ ይጎዳል። ደግሞ ያ ጨርቅ የሚመስለው ነገር በመንፋት ብቻ አይወጣም፤ እንዲያውም ይብስ ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ፋኑ መውጣት አለበት።

በፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ብረት ብዙ ጊዜ ብሎኖቹ አጠገብ ቁጥር ተጽፎበታል። ስትፈቱ ከትልቁ ቁጥር ጀምራችሁ ወደ 1፣ ስታጠብቁ ከ1 ጀምራችሁ ወደ ላይ፤ አንዱን እስከ መጨረሻ ሳይሆን ሁሉንም በትንሽ በትንሹ። ፔስቱን ለማጽዳት 90 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል። አዲሱ ፔስት ከክብሪት ራስ ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል። ብዙ ሰው እንደ ቅባት ይለቀልቀዋል።

ዘገምተኛ

79 ዲግሪ ብዙ አይደለም እንዴ? እኔ 60 ካለፈ ልቤ አይረጋም።

ካቻቪቴ

ለላፕቶፕ ብዙ አይደለም። አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት የሚቀንሱት 95 ወይም 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ነው። ሥራ ላይ 80ዎቹ ውስጥ መግባት ያለ ነው። የሚያሳስበው ምንም ሳይሠራ 68 ማለቱ ነበር። ያን ጊዜ ወይ መተንፈሻው ተዘግቷል፣ ወይ ከጀርባ የሚሠራ ነገር አለ። ታስክ ማናጀርን ከፍተህ በሲፒዩ ደርድረው፤ ዝም ብሎ 25 ፐርሰንት የሚበላ ነገር ካለ ራሱን ያጋልጣል።

ተማሪው

ክሩን ልጥለፍባችሁ። የእኔ ሥራ ላይ አይሞቅም። ክዳኑን ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ ካስገባሁት ግን ስደርስ እሳት ሆኖ አገኘዋለሁ፣ ባትሪውም አልቋል። ተኝቶ አልነበረም እንዴ?

ብሎን

ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንጂ አልተኛም። አዳዲስ ላፕቶፖች «ሞደርን ስታንድባይ» የሚባል አላቸው፤ ልክ እንደ ስልክ ተዘግተውም ኢንተርኔት ላይ ይቆያሉ። አንድ አፕዴት ወይም አንድ ፕሮግራም ከቀሰቀሰው ቦርሳ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይነቃል፣ አየርም የለም። መፍትሔው ክዳኑ ሲዘጋ ስሊፕ ሳይሆን ሃይበርኔት እንዲያደርግ፣ ማለትም የከፈትከውን ዲስኩ ላይ አስቀምጦ እንዲጠፋ፣ ማዘዝ ነው። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ አለ። ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል፣ ባትሪህ ግን ይተርፋል።

ዘገምተኛ

እኔም ልጥለፍ። «ተሰክቷል፣ ቻርጅ እያደረገ አይደለም» ይለኛል፣ ማሽኑም እንደ ስሜ ሆኗል። 0.8 ጊጋኸርዝ ላይ ተጣብቋል። ሙቀት የለም፣ 45 ዲግሪ ነው።

ካቻቪቴ

ሳይሞቅ 0.8 ላይ መጣበቅ አንድ ነገር ያስጠረጥራል፤ ላፕቶፑ ቻርጀሩን አላወቀውም። በአንዳንድ ክብ ቻርጀሮች መሃል ላይ ቀጭን መርፌ አለች። ኃይል አታስተላልፍም፤ «እኔ 65 ዋት ነኝ» ብላ ማንነቷን ትናገራለች። እሷ ከታጠፈች ወይም ገመዱ ውስጥ ከተበጠሰች ላፕቶፑ ማን እንደመጣበት ስለማያውቅ ፈርቶ ይቆጥባል፤ ባትሪ አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩንም ያስራል። የሌላ ሰው ትክክለኛ ቻርጀር ተውሰህ ሞክር። ወዲያው ከተፈታ ምክንያቱ እሱ ነው። በዩኤስቢ ሲ ከሆነ ደግሞ የቻርጀሩን ዋት እይ፤ የስልክ ቻርጀር ይሰካል፣ ግን አይበቃውም።

ዘገምተኛ

መርፌዋ ታጥፋለች!! በጥርስ ማጽጃ እንጨት አቃናኋት፣ 2.9 ጊጋኸርዝ ላይ ወጣ። ለጊዜው ነው፣ አዲስ ቻርጀር እገዛለሁ።

የማታ ወፍ

ባትሪ ልገዛ ነው። ምን ልይ? አንዱ ሻጭ የ45,000ውን በዚያው መጠን 70,000 አለኝ አለ።

ካቻቪቴ

ከእሱ አትግዢ። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ውፍረት ከግማሽ በላይ ተጨማሪ አቅም ከየት ይመጣል? ወረቀቱ ላይ ነው የተጨመረው።

የላፕቶፑን ሞዴል ሳይሆን አሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈውን የፓርት ቁጥር ይዘሽ ፈልጊ። አንድ ሞዴል ሁለት ዓይነት ባትሪ ሊኖረው ይችላል። ቮልቱ መመሳሰል አለበት፤ 11.4 የሚለውን በ15.2 አትተኪም። የተመረተበትንም ቀን እዪ፣ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥም ያረጃል። ከገጠምሽው በኋላ ያንኑ ሪፖርት አውጪ። ፉል ቻርጁ ከዲዛይኑ ጋር ካልተቀራረበ ወዲያው መልሺው።

«መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ቻርጅ አድርጊው» የሚልሽ ካለ የድሮ የኒኬል ባትሪ ወግ ነው። ተይው። ይልቅ ቻርጁ 80 ላይ እንዲያቆም አድርጊ። ሌኖቮ «ኮንሰርቬሽን ሞድ» ይለዋል፣ አሱስ «ባትሪ ሄልዝ ቻርጂንግ»፤ በአንዳንድ ሌሎች ላይ ባዮስ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው ቅንብር፣ ይገኛል። አንቺ ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ ስለሆንሽ ከማንም በላይ ይጠቅምሻል።

የማታ ወፍ

ገጠምነው። ሪፖርቱ 44,300 ይላል። 80 ላይ እንዲያቆም አድርጌዋለሁ። ትናንት ነቅዬ ሠራሁበት፣ 12 ፐርሰንት ድረስ ወረደ፤ ማስጠንቀቂያም ሰጠኝ። ማስጠንቀቂያ አይቼ ደስ ሲለኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ታችፓዱም ክሊክ አለ። ምንም አልተነካም፣ በራሱ ዳነ። ወረቀቷን ከጠረጴዛው ላይ አነሳኋት።

ብሎን፣ አንተ ባትጮህ ኖሮ አሁንም ማውስ ይዤ ባትሪው ላይ ተደግፌ ነበር።

ብሎን

እሰይ። ብዙ ሰው ስለ ማውሱ ነው ሳያየው የሚቀረው።

ቁልፍ

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የእኔን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጥጉን ጫን አደረግኩት።

ይናወጣል።

ብሎን

አጥፋው። ንቀለው። ከጎን ፎቶ አንሳና ላክ።